ምክንያት ያለው እድፍ

«የአቧራ ቀለም አለሽ?»

እናና መጀመሪያ የተሾፈባት መሰላት። ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጎዳና ከነቢያት ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ፣ በሾሻና የቀለምና የወረቀት ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ቀይ የጠየቃት አለ፣ የወይራ አረንጓዴ የጠየቃት አለ፤ አቧራ ብሎ የመጣ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው።

መታወቂያዋ ሲጋል ነው የሚላት። እናቷ ግን ዛሬም እናና ነው የሚሏት፤ እኛም እንደ እናቷ እንጥራት።

ቀና ብላ አየችው። ረዘም ያለ፣ ጠይም፣ ጥፍሩ ሥር ሰማያዊ ቀለም የገባበት ወጣት ነው። በሁለት እጁ ሰፊ ካርቶን አቅፏል፤ አያያዙ የተኛ ሕፃን የታቀፈ ይመስላል።

«የምን አቧራ?» አለችው በዕብራይስጥ።

«የአዲስ አበባ» አላት እሱ በአማርኛ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለቀመ። «የአውሮፕላን ማረፊያው አቧራ።»

ካርቶኑን ከፈተው። ውስጡ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ ከግማሽ ሜትር አለፍ የሚል አውሮፕላን አለ። አራት ሞተር፣ ሆዱ ሰፊ፣ ከጅራቱ ሥር የኋላ መዝጊያው ወደ መሬት ተከፍቶ ወለሉ ይታያል። እናና አወቀችው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷ እጇን ይዘው ያስገቧት እንዲህ ባለ ሆድ ውስጥ ነው።

«ሄርኩለስ ነው» አላት። «ወታደር ቤት ሦስት ዓመት ሞተሩን ስጠርግ ነበር። አሁን ታልፒዮት ሰፈር አንድ ጋራዥ መኪና እቀባለሁ። ሃጋይ እባላለሁ።»

«አዲስ አይደለም እንዴ? ለምን አቧራ ታለብሰዋለህ?»

«አዲስ መሥራት ቀላል ነው። ፕላስቲኩን በሙጫ ታጣብቂያለሽ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሺያለሽ፣ ትቀቢያለሽ። ከባዱ ማስረጀቱ ነው። ለቤተ እስራኤል የስግድ በዓል በማትናሱ፣ በሰፈሩ የሕዝብ አዳራሽ፣ ኤግዚቢሽን አለ። እናንተን ባመጣበት ቀን እንደነበረው ሆኖ እንዲታይ እፈልጋለሁ።»

«እናንተን? አንተስ?»

«እኔ በሱዳን ነው የመጣሁት» አለና ዓይኑን ወደ ካርቶኑ መለሰ።

እናና ቡናማ፣ ቢጫና ቀይ ጠመኔ አወጣች፤ ወረቀት ላይ በቢላ ፍቃ ዱቄቱን ደባለቀችለት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት። «ትንሽ ቀይ ጨምሪበት» አላት። ጨመረች። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ እሱ ግን ዱቄቱን ነው የሚያየው።

«ያ ቀን ትዝ ይልሻል?»

«ከገባን በኋላ ያለው ምንም። እናቴ ሙሉ መንገዱን ነጠላቸውን ፊቴ ላይ ጥለውብኝ ነበር። እሳቸውን ጠይቃቸው።»

ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ሃጋይ በየሳምንቱ ሁለት ቀን ሱቁ ይመጣል፤ ሲዘጋ ይሸኛታል። በዚያች ጠባብ ጎዳና፣ በረጃጅሙ የድንጋይ አጥር ሥር፣ የኢትዮጵያውያኑ ቤተ ክርስቲያን ጥቁር ጉልላት ከዛፎቹ በላይ ብቅ እያለ ይሄዳሉ። አንዲት መነኩሲት አልፈው «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» ይሏቸዋል፤ እሱ አንገቱን ሰብሮ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ያቺን አማርኛ በደንብ ያውቃታል።

አንድ ቀን አሮጌ የብረት በር ጋ አስቆማት። ዛሬ ተናገረ አለች በሆዷ።

«አየሽ ዝገቱን?» አላት። «ከማጠፊያው ጀምሮ ቁልቁል ነው የወረደው፣ ዝናቡ በወረደበት። አውሮፕላን ላይ ግን ዘይት ቁልቁል አይወርድም፤ ነፋሱ ወደ ኋላ ይስበዋል። ጭሱም ከሞተሩ ወደ ኋላ ነው። እድፍ ሁሉ ምክንያት አለው። ምክንያት የሌለው እድፍ ውሸት ነው።»

«በሴደር» አለች እናና፤ እሺ ማለቷ ነው። ወይ ጉድ! ሌላዋ ሴት ስለ ዓይኗ ይነገራታል፣ እሷ ስለ ዝገት። ተናዳ ቤቷ ገባች፤ ማታውን ግን የኩሽናቸውን ቧንቧ እያየች ዝገቱ ከየት እንደጀመረ ስትመረምር ራሷን ያዘችው። ይሄ ሰው የሚፈልገው ምንድን ነው? እኔስ ምን ሆኛለሁ? ነገሩ ዞረባት።

ቤታቸው ሲመጣ ደግሞ ባሰ። እናቷ ወይዘሮ ውባለም ታልፒዮት አንድ ሕንፃ ውስጥ የሚያጸዱ፣ ቀጥ ያሉ የጎንደር ሴት ናቸው። ሃጋይ ሻይ ቀርቦለት ሳይቀምስ ደብተር አወጣ።

«አንቱ የት ጋ ነበር የተቀመጡት?»

«ወለሉ ላይ ነዋ። ወንበር የት አለና!»

«ከኋላ መዝጊያው ስንት እርምጃ?»

«ሦስት… አራት።»

«ወለሉ ላይ የፈሰሰ ነገር ነበር?»

ወይዘሮ ውባለም ያልተነካውን ሻይ ወደ እሱ ገፋ አደረጉ። ሃጋይም ጻፈ። ምን ጻፈ? እናና እርሳሱን ታያለች፣ እናቷ እርሳሱን ያያሉ።

እንግዳው ከወጣ በኋላ «ከየትኛው ሚስራድ ነው የመጣው?» አሉ እናቷ። ሚስራድ የሚሉት ቢሮን ነው። በሚስራድ የተጠየቀ ሰው ጥያቄ ያስፈራዋል፤ እሳቸው ደግሞ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ተጠይቀዋል።

«ኧረ ከየትም አይደለም እማ! ሞዴል ነው የሚሠራው።»

«ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲሠራ አይቼ አላውቅም። አንቺን ነው የሚፈልግ እንዳልል፣ አንድ ቀን እንኳ ስላንቺ አልጠየቀኝም።»

እናናንም የሚያንገበግባት ይሄው ነው።

ስግድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሃጋይ አውሮፕላኑን ጨርሶ አመጣውና ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠው። እናና ያየችውን ማመን አቃታት። ክንፉ ላይ መካኒኮች የረገጡበት ቀለም ተልጧል። ከአራቱ ሞተሮች ኋላ ጥቁር ጭስ ተጋድሟል። ጎማው በቀላቀለችለት አቧራ ቀልቷል። በተከፈተው መዝጊያ ውስጥ ደግሞ ወለሉ ላይ የእግር ዱካ፣ የፈሰሰ ነገር፣ የተጨማለቀ ነገር። የሕዝብ ማለፊያ ሆኗል።

«ቫርኒሹን ገና አልቀባሁትም» አላት። «እናትሽ አይተው ልክ ነው ካሉኝ በኋላ ነው የምቀባው። እስከዚያ እንዳትነኩት። አብዛኛው ዱቄት ነው፤ ይለቃል።»

በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ አውሮፕላኑ ጠረጴዛው ላይ የለም። ኩሽና ገባች። የሳህን ማድረቂያው ላይ፣ በሁለት ድስት መካከል፣ ጅራቱ ወደ ላይ ሆኖ ውኃው ጠብ ጠብ እያለ ተተክሏል። ያበራል። ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል።

እናና ክው አለች። «እማ! ምን አደረግሽ?»

«አጠብኩት።»

«ለምን?!»

«ቆሽሾ ነበራ» አሉ ወይዘሮ ውባለም፤ ስፖንጁን ጨምቀው ሰቀሉት። «ያ ጠያቂ ልጅ ደግሞ ከእንግዲህ እዚህ ቤት አይምጣ። ጨረስኩ።»

ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ እናቷ ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

እናና ምን ታድርግ? ኩሏን አወጣች። የዓይን ቀለሟን፣ ከሱቅ የተረፈ ጠመኔ፣ የጥጥ ቁራጭ። ሁለት ቀን ሙሉ ጭስ ስትሠራ፣ አቧራ ስትነሰንስ ሰነበተች። ሐሙስ ሃጋይ ሱቅ ሲመጣ ካርቶኑን ሰጠችው።

ከፍቶ አየ። ረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄ ጭስ ወደ ፊት ነው የሚሄደው» አለ በመጨረሻ። «አውሮፕላኑ ኋሊት ነው እንዴ የሚበረው?»

እናና ልትስቅ ፈልጋ እንባዋ መጣ።

«ታጥቧል?»

«ታጥቧል።»

«ማን አጠበው?»

እናቷን አሳልፋ ልትሰጥ አልቻለችም። «እኛ… እኛ ቤት» አለች።

ሃጋይ ፊቷን ተመለከተ። ካርቶኑን አቅፎ ወጣ። ማክሰኞ አልመጣም። ሐሙስም አልመጣም።

ያ ሳምንት ለእናና ቀንና ሌሊቱ የተደባለቀ ሳምንት ነበር። ለአውሮፕላኑ ብሎ ከነበረ የሚመጣው፣ አውሮፕላኑ ታጥቧል፤ አለቀ። ለእኔ ብሎ ከነበረ ደግሞ ለምን ቀረ? ሾሻና ሰማያዊ ስትላት አረንጓዴ ታቀብላለች።

ቅዳሜ ከሰዓት እናትና ልጅ አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ ወጥተው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከተማው ከፊታቸው ተዘርግቷል። ወይዘሮ ውባለም የልጃቸውን ያበጠ ዓይን ሰረቅ አድርገው አዩ።

«ይሄን ያህል ትወጅዋለሽ?»

«እወደዋለሁ» አለች እናና። ለራሷም ያን ጊዜ ነው የነገረችው።

እናቷ የነጠላቸውን ጫፍ ጠመዘዙ። «እንግዲያው ስሚኝ። ያን ዕለት አውሮፕላኑ ሲነሳ አስመለሰሽ። ወለሉ ላይ፣ ሁሉም ሰው ፊት። እንደዚያ ጠርተው ላመጡን ሰዎች ዕቃቸውን ስናቆሽሽባቸው ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በነጠላዬ ጠረግሁት፤ አልለቅ አለኝ። አንድ ወታደር መጥቶ ተዪው ብሎ እጄን ያዘኝ። ያን እድፍ ሳላጠራው ነው የወረድኩ። ይሄ ልጅ ደግሞ ቦታውን ጠየቀኝ፣ ጻፈ፣ ከዚያ ልክ እዚያው ቦታ ላይ እድፉን ሠርቶ አመጣ! ስግድ ላይ ሕዝብ ፊት ሊያቆመው! የልጄን ነውር!»

እናና እናቷን ትኩር ብላ አየቻቸው። «ለዚህ ነው ያጠብሽው?»

«አሥራ አምስት ዓመት እጄን ሲበላኝ የኖረ እኮ ነው።»

እናና እንደ ሕፃን ተጠምጥማ ሳመቻቸው።

እሑድ ጠዋት ሥራ አስፈቅዳ ታልፒዮት ወረደች። ሃጋይ ጋራዡ ውስጥ የመኪና በር እየረጨ ነበር። ሲያያት ጭምብሉን አወረደ።

«ያስመለሰኝ እኔ ነኝ!» አለችው፣ ሰላምታም ሳትሰጠው።

«ምን?»

ሁሉንም ነገረችው። ሃጋይ መርጫውን መሬት ላይ አስቀምጦ ግንባሩን ያዘ።

«እኔ እኮ የእግር አቧራና የፈሰሰ ውኃ ነው ያደረግሁት! ሰው የተቀመጠበት ስለሆነ ይቆሽሻል ብዬ ገምቼ!» አለ። «ታጥቦ ሲመለስልኝ አክስቴን ጠየቅኳት። ዕቃ ታጥቦ ባዶውን ከተመለሰ ከእንግዲህ አትምጣብን ማለት ነው አለችኝ።»

«ባዶውን! አውሮፕላን ምን ልንሞላው ኖሯል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሷ ናት የሀገሩን ደንብ የምታውቀው።»

«ኩሌንስ ምን አልከው?»

«እሱ ነው ግራ ያጋባኝ» አለ ሃጋይ። ወደ ጥጉ መደርደሪያ አሳያት፤ አውሮፕላኑ እንደሰጠችው፣ ወደ ፊት ከሚሄደው ጭሱ ጋር ተቀምጧል። «ላባርረው ነው ያለች ሴት ኩል አትቀባለትም። ሳምንቱን ሙሉ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ነበር።»

«ለእኔ ነው የምትመጣው ወይስ ለአውሮፕላኑ?»

ሃጋይ ቀላ። «ከትልቅ ሰው ጋር የማወራበት አማርኛ ያለኝ ስለ አውሮፕላን ብቻ ነው። ስለ አንቺ እንዴት እንደሚጠየቅ ማን አስተማረኝ? አፈቅርሻለሁ፣ እናና። ከአቧራው ቀን ጀምሮ።»

የመኪናው በር ግማሹ ሳይቀባ ዋለ።

ማታ ካርቶኑን ይዘው አብረው ቤት ገቡ። ወይዘሮ ውባለም አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሏቸው። «ቁጭ በል» አሉት። «ያን ሁሉ ቀን ስትጠይቀኝ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁህም። እናትህ የት ናቸው?»

«ሱዳን ቀሩ» አለ ሃጋይ። «መንገድ ላይ። እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አክስቴ በሌላ ጊዜ ነው የመጣችው። እኔን ማን አቅፎኝ እንደመጣ፣ አልቅሼ ይሁን ተኝቼ፣ የሚነግረኝ ሰው የለም። ለዚህ ነው አንቱን የጠየቅሁት።»

ወይዘሮ ውባለም እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ ተነስተው ከጎኑ ተቀመጡና «አምጣው እስቲ ያን አውሮፕላን፣ ልጄ» አሉ። ካርቶኑ ተከፈተ። የደረቀ ጣታቸውን በኋላ መዝጊያው አስገብተው ወለሉን ነኩ። «ያንተ ተሳስቷል። ወደ ግራ ነበር። እዚህ ጋ።»

ሃጋይ በስቴኪኒ ጫፍ ቀለም ነክሮ፣ እሳቸው እያዩት፣ ምስር የማታክል ነጥብ አኖረ።

በሳምንቱ ስግድ ሆነ። ከጸሎቱ መልስ ነጭ የለበሰው ሕዝብ ማትናሱን ሞላው። አውሮፕላኑ በመስታወት ውስጥ ቆሟል፤ ጭሱ ወደ ኋላ፣ ዘይቱ ወደ ኋላ። አራተኛው ሞተር ሥር ብቻ አንድ የኩል ጭስ ወደ ፊት ይሄዳል። ሃጋይ እሱን አላጠፋም ብሏል። ሽማግሎችም ቀደም ብለው የሁለቱን ዘር ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና አላገኙም፤ ሠርጉ ለበጋ ተቀጥሯል።

ኤራን የሚባል የማትናሱ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና መስታወቱን ከፈተ። «ወለሉ ላይ የሆነ ነገር ጠብ ብሎበታል» አለና መሐረቡን ከኪሱ አወጣ።

«ተው!»

አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ወይዘሮ ውባለም ሰዉን እየገፉ መጥተው የሰውየውን እጅ ያዙ።

«ተወው፣ ልጄ» አሉት። «እሱ የልጄ ነው።»