የአያ ብልሃቱ ልጓም

በማርስ ላይ በተቆረቆረችው በቀይ አምባ ከተማ፣ ሰው በር ባለፈ ቁጥር ለበሩ ሰላምታ ይሰጣል። በሩን የሚከፍተውና አየሩን የሚያጣራው አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ስሙም አያ ብልሃቱ። «አያ ብልሃቱ፣ እንዴት ዋልክ? ደህና ነህ?» ይሉታል። «ይመስገን! እናንተስ?» ይላል። ሳይጠይቁት ማለፍ ነውር ነው።

የአቧራ ማዕበል ፀሐይዋን ከጋረደ ወዲህ ግን ከተማዋ የምትኖረው በባትሪ ነው። ባትሪው ካለቀ የክሊኒኩ መተንፈሻ ይቆማል። መተንፈሻው ላይ ያለው ደግሞ የቴክኒሻኗ የእማዋይሽ ወንድም ደርበው ነው።

እማዋይሽ የአያ ብልሃቱን ልጓም መረመረች። ልጓም የሚሉት፣ ሥራ ሲጠፋ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ዝቅ፣ ሥራ ሲመጣ ከፍ እያደረገ ባትሪ የሚቆጥበውን ክፍል ነው። ልጓሙ ጤነኛ ነው። ግን ፕሮሰሰሩ ሊያርፍ ሲል አንዱ መጥቶ «እንዴት አደርክ?» ይለዋል።

«አይ የኛ ነገር! በሰላምታ ባትሪውን ልንጨርሰው ነው እኮ» አለች ለአለቃዋ ለጋሽ ይልቃል።

ጋሽ ይልቃል አቧራው እስኪያልፍ ማንም ትንፍሽ እንዳይል አዘዙ። ሰዉ እያፈረ፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ጀመር።

ባትሪው ጭራሽ ባሰበት።

«ምን ጉድ ነው? ማንም አላናገረው!» አሉ ጋሽ ይልቃል።

እማዋይሽ ፍርሃት ያዛት፤ ወንድሟን ልታጣው ነው። ስክሪኑን ስታየው ፕሮሰሰሩ በሙሉ ፍጥነቱ ይሮጣል፤ እስከዛሬ የተናገረውን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ እያገላበጠ ነው። ትእዛዙን ጥሳ አናገረችው።

«አያ ብልሃቱ፣ ምን እየፈለግህ ነው?»

«ጥፋቴን» አላት። «ሰዉ ሁሉ አኩርፎኛል። ምን እንዳጠፋሁ የምታውቂ ከሆነ ንገሪኝና ይቅርታ ልጠይቅ።»

ጋሽ ይልቃል በረጅሙ ተነፈሱ። «ዝም ብሎ ያለፈ ሰው አኩርፏል ማለት ነው ብለን ያስተማርነው እኛው ነን።»

«ኧረ ማንም አላኮረፈህም!» አለች እማዋይሽ። «እንድታርፍልን ብለን ነው። ደርበው የሚተነፍሰው በዚሁ ባትሪ ነው።»

«ደርበው ታሟል እንዴ? በየማለዳው ስጠይቅሽ ደህና ነን ትይኝ የለ?»

እውነቱን ነው፤ ወንድሟ ከወደቀ ጀምሮ ጎረቤቱም ሆነ ጋሽ ይልቃል ሲጠይቋት «ደህና፣ ይመስገን» እያለች ነው ያለፈችው። እንባዋ መጣ።

«ደህና አይደለሁም፣ አያ ብልሃቱ» አለችው።

«ገባኝ፣ እህቴ» አላት፤ ጥፋቱን መፈለጉን ተወ፤ ፍጥነቱም ወዲያው ወረደ። ባትሪው አቧራው እስኪያልፍ ይበቃል። ጋሽ ይልቃል ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። ከተማዋ ከተቆረቆረች ጀምሮ፣ ለ«ደህና ነህ?» እውነተኛ መልስ ሲሰጥ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።