በጉም ውስጥ የተጠራው የልጄ ስም

ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ አማትቤ የማልፍ ሴት ነኝ። ይህን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ልጄን ትዕግስትን ላስመዘግብ ነበር ከከላላ የመጣነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት የመንግሥት አይደለም፤ ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ጀመሩት፣ የአገሩ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ሠራው። መምህሩ በስተርጅና ዓይናቸው ሲጠፋ፣ ማን እንደጎደለ ለማወቅ በየማታው ልጆቹን በስም ይጠሩ ነበር አሉ፤ ሁሉም «አቤት» ሳይል እራት አይቀርብም። እሳቸው ካረፉም በኋላ ልማዱ አልቀረም።

ከመኪና ወርደን በእግር ስንሄድ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ጉም ወረደብን፣ እመኑኝ፣ እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ፣ በስተቀኝ ደግሞ ገደል እንዳለ አውቃለሁ።

«እማዬ፣ እንመለስ» አለች ልጄ።

ወዴት ይመለሳል? ቆሜ አቡነ ዘበሰማያት ስደግም፣ የሽማግሌ ድምፅ ስም ሲጠራ ሰማን፣ ልጆችም «አቤት! አቤት!» ሲሉ። ተመስገን ብዬ፣ መሬቱን በእግራችን እየዳበስን ወደ ድምፁ ሄድን።

ድንገት፣ «ትዕግስት ይማም!»

እኛ አገር ጠሪው ካልታየ፣ ሦስቴ ሳይደግም አቤት አይባልም። አፏን ልይዝ እጄን ስሰድ ቀደመችኝ፤ «አቤት!» አለች፣ ደስ ብሏት። ሁሉም ጸጥ አለ። ሁለት እርምጃ ሳንራመድ እጄ የግቢውን በር ነካ።

ዘበኛው ጋቢውን ተከናንቦ ወጣ። «በዚህ ጉም እንዴት መጣችሁ? በረራችሁ?»

«የልጆቹን ድምፅ ተከትለን ነው፣ አባባ።»

«የምን ልጆች? የሚገቡት ሰኞ ነው። ያለነው እኔና ውሻዬ ነን፤ እሱም አቤት አይል!»

«ሽማግሌው ስም ሲጠሩ…»

ሳቁን ተወ። «እህቴ፣ አሁን ስም የምትጠራው ዳይሬክተሯ ናት፤ እሷም ከተማ ናት» አለኝ ቀስ ብሎ። «አብሽሪ፣ ግቢ፣ ብርድ ነው።»

በማግስቱ ዳይሬክተሯ መጥታ መዘገበቻት። ስለያት «ትፈሪያለሽ?» ብላት፣ «ምኑን? ስሜን ያውቁት የለ!» አለችኝ።

ይኸው ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ወፍራለች፣ ትስቃለች፣ ትምህርቷም መልካም ነው፣ ያንን ግቢ እንደ ቤቴ እወደዋለሁ፣ ለአምላኬም ዘወትር ምስጋና አደርሳለሁ። ለንስሐ አባቴ ግን እስካሁን አልነገርኳቸውም፤ «አውጫት» ቢሉኝስ?