ሃምሳ ሦስቱ የምግብ መጻሕፍት

ሱቻሪታ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላት ሃምሳ ሦስት የምግብ አሠራር መጻሕፍት ነበሯት። አብዛኞቹን የገዛችው በሕንዷ ኮልካታ ከተማ፣ ኮሌጅ ስትሪት ዳር አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጠው ከታማል ነው። ከተማሪነቷ ጀምሮ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ እንደ ልብ ወለድ ታነባቸዋለች እንጂ አንዱንም ሠርታ አታውቅም። ወጥ ቤቱ የእናቷ ነበር።

እናቷ ሞተች። በዓመቱ አባቷን ቢኖድ ባቡን ስትሮክ መታቸው። ግራ ጎናቸው ሰነፈ፣ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ የምግብ ፍላጎታቸውም ጠፋ። ሐኪሙ የሚወዱትን ስጫቸው ብሎ አሰናበታት። የሚወዱትን የምታውቀው እናቷ ብቻ ነበረች፤ እሷም የትም ሳትጽፈው ሄዳለች። ስለዚህ ሱቻሪታ ከመደርደሪያዋ አንድ መጽሐፍ እየመዘዘች በየእሑዱ አንድ አዲስ ምግብ መሞከር ጀመረች።

ሳምንቱን ሙሉ ጂኦግራፊ ታስተምራለች፤ ከሥራ መልስ አባቷን ታጥባለች፣ ታለብሳለች። እሑድ ሰናፍጭ ትፈጫለች፣ የዓሣ እሾህ ትለቅማለች፣ የሙዝ አበባ ስትፈለፍል ጣቶቿ ይጠቁራሉ። መጽሐፉ ሃያ ደቂቃ የሚለው እሷ ዘንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ማንኪያ ይዛ አጠገባቸው ትቆማለች። ሁለቴ ይቀበሏትና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። የተረፈውን እሷ የዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆማ፣ ጣዕሙ እንኳ ሳይታወቃት ትበላዋለች።

አሥራ ዘጠኝ መጻሕፍት እንዲህ አለፉ።

በክረምቱ አንድ እሑድ ታማል በራቸውን አንኳኳ። መንገዱ በጎርፍ ተሞልቶ ስለነበር ሱቁን አልከፈተም፤ እሷ ከወራት በፊት ያዘዘችውን፣ የእናቷን አገር ምግቦች የያዘ አሮጌ መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በእግሩ መጥቷል። እንዲህ ርሶ የመጣን ሰው ከደጃፍ መመለስ ነውር ስለሆነባት ምሳ ይብሉ አለችው። ብቸኛ ሰው ነበርና አላንገራገረም።

ከቢኖድ ባቡ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የዕለቱን ወጥ፣ ሽሪምፕ ከተባለው ትንሽ የባሕር ፍጥረት ጋር የተሠራውን ዱባ፣ በእጁ ከሩዙ ጋር እያሸ በላ። አንድን መጽሐፍ ሦስት ጊዜ ገዝቶ ሦስት ጊዜ ስለመለሰ ደንበኛው እያወራ፣ ሳህኑን ጠርጎ በላ። እንግዳ እየበላ መቆሙ ስለከበዳት እሷም ተቀመጠች። ዞር ስትል የአባቷ ቀኝ እጅ ሳህናቸው ውስጥ ነው። ግማሹን ጨርሰውታል።

«አባዬ፣ ጣፈጠህ?» አለች ቀስ ብላ።

ቢኖድ ባቡ ከምላሳቸው ጋር ታገሉ። «ቆመሽ... እያየሽኝ... እንዴት ልብላ?»

እውነትም ሱቻሪታ አባቷ ከታመሙ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አብራቸው ለማዕድ አልተቀመጠችም።

ከዚያ ወዲህ ታማል እሑድ እሑድ ይመጣ ጀመር። ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፣ አባቷን ያጫውታል። አንድ ቀን እሱና ሱቻሪታ የመጽሐፉን ደቃቅ ጽሑፍ አብረው ለማንበብ ጎንበስ እንዳሉ ጭንቅላታቸው ሊነካካ ደረሰ። ገጹ ካለቀ ቆይቷል፤ ሊገልጠው የደፈረ ግን አልነበረም።

ወሬው በጎረቤት በኩል ዴልሂ ያለው ታላቅ ወንድሟ ሱጋቶ ዘንድ ደረሰ። ስልክ ደውሎ መንገድ ዳር መጽሐፍ የሚሸጥ፣ ከእነሱ ወገን ያልሆነ ሰው እንዴት ቤት ታስገቢያለሽ አላት፤ አግብታ ብትሄድ አባታቸውን ማን ሊይዝ እንደሆነም ጠየቃት። ለመከራከር ጉልበት አልነበራትም። በሚቀጥለው እሑድ ታማልን ደረጃው ላይ አስቆመችው።

«ከእንግዲህ ባይመጡ ይሻላል» አለችው።

ለምን ብሎ አልጠየቃትም። «እሺ» ብሎ ወረደ። ከታች የጫማውን ክር ሲያስር ግን እጅግ ዘገየ፤ እሷም እስኪጨርስ በሩን አልዘጋችም።

ታማል ከቀረ በሦስተኛው እሑድ ዓሣውን እሳት ላይ ጥዳ ግድግዳው ላይ ደገፍ አለች። ተንሸራታ ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። የነቃችው በጭስ ሽታ ነው። አባቷ፣ ያለ ደጋፊ ከአልጋ የማይነሡት ሰው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መጥተው ጋዙን አጥፍተውታል።

«ሰውየውን... ጥሪው» አሏት።

«ወንድም ጋሼስ?»

«እሱ ያለው... ዴልሂ ነው። ቤቱ... የእኔ ነው።»

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ታማል ሱቅ ሄደች። ከመጻሕፍቱ ክምር ፊት ለፊት ቆመች።

«ደክሞኛል» አለችው። «ሙሽራ ልሁን ብዬ የምኳኳልበት ጉልበት የለኝም። አባቴን ትቼ የትም አልሄድም። ወንድሜ ያኮርፈናል። ይህን ሁሉ እያወቅህ ትመጣለህ?»

ታማል በእጁ የያዘውን መጽሐፍ አስቀመጠ። ዓመታት ሙሉ «እርስዎ» ሲባባሉ ኖረዋል።

«አንቺ ተቀመጪ» አላት። «እኔ እሠራለሁ።»

«ትችላለህ?»

«አልችልም። መጽሐፉ ግን አለን።»

በታኅሣሥ የጋብቻ ውል ተፈራረሙ። ሱጋቶ አልመጣም፤ ከወራት በኋላ ግን ደውሎ አባቱን ሲያነጋግር፣ በመጨረሻ ስለ ታማል ጤንነት ጠየቀ።

ከጋብቻቸው በኋላ በመጀመሪያው እሑድ ታማል ከሁሉ የቀጠነውን መጽሐፍ መርጦ ምስር ሠራ። ጨው መጨመሩን ረስቶ ሁለተኛ ጨመረበት። ቢኖድ ባቡ ቀመሱ፤ ልጃቸውን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ፣ መብላታቸውን ቀጠሉ። ሱቻሪታ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ሳህኗን ባዶ አደረገች፤ እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለችም ዓይኖቿ ተከደኑ።

ታማል ዕቃ ማጠብ ሲጀምር ድስቱ ተንኳኳ።

«ቀስ በል» አሉት ቢኖድ ባቡ፣ ምላሳቸው ሳይተሳሰር። «ትተኛ።»