ሁለት ጊዜ ኢንተር

«እምቢ አለ» አለች እናቷ፣ ጣቶቿን ከኪቦርዱ ላይ ሳታነሳ። «ብመታው ብመታው ፊደል አይወጣውም።»

ሰረዝ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። በስክሪኑ አናት ላይ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀይ መስመር ተጋድሟል። የዚህ ፕሮግራም ፈቃድ ትክክለኛ አይደለም፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይቻልም ይላል፣ በትሕትና። ከመስመሩ ሥር የጡረተኛው መምህር መጽሐፍ፣ ድፍን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ የመጨረሻ እርማቱን እየጠበቀ ተቀምጧል። ቀኑ ሰኞ ነው። ማተሚያ ቤቱ ፋይሉን የሚቀበለው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ ዓርብ ያልደረሰ መጽሐፍ ተራው ለሌላ ተሰጥቶ ሦስት ወር ይጠብቃል።

ጽሕፈት ቤቱ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው። አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፣ ሲያትም ጉንፋን እንደያዘው ሰው የሚያስል ፕሪንተር፣ ሁለት ወንበርና መደርደሪያው ላይ በጨርቅ የተሸፈነች ታይፕራይተር አሉበት። እናቷ ሙያውን የተማረችው በዚያች ታይፕራይተር ነው፤ ኮምፒውተሩ የመጣው በኋላ ነው። ሰረዝም ያደገችው እዚያው፣ ከወንበሩ ሥር ነው። ቀጭንና ጎበጥ ብላ የምትቀመጥ ሕፃን ስለነበረች መምህሩ አንድ ቀን አይተው «ይቺ ነጠላ ሰረዝ ናት» አሉ፤ ስሙ በዚያው ቀረ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቀና ብላ ትሄዳለች፣ ስሟ ግን አልተቃናም።

መምህሩ እናቷንም ሰባተኛ ክፍል ሳለች ጂኦግራፊ አስተምረዋታል። ካርታ ሥሪ ሲሏት ወንዙን ከባሕር ወደ ተራራ ሽቅብ አስኬደችውና አራት ከአሥር ሰጧት። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ያቺ አራት ከሆዷ አልወጣችም። እሳቸው የአርባ ዓመት የመምህርነት ትዝታቸውን በእጅ ጽፈው፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባለመስታወት በር ትልቅ ጽሕፈት ቤት አልፈው እሷ ዘንድ ሲመጡ፣ በዚህ ሥራ አሥር ከአሥር ካላገኘሁ ብላ ለራሷ ምላለች። ሰረዝ ይህን ታውቃለች። ቀዩን መስመር ስታይ የደነገጠችውም ለመጽሐፉ ሳይሆን ለእናቷ ነው።

ዶክተር ተጠራ። ዶክተር የሚሉት የሰፈሩን ኮምፒውተር የሚጠግነውን ወጣት ነው፤ የተበላሸ ማሽን ፊት በቆመ ቁጥር «መቼ ነው ያመመው?» ብሎ ስለሚጠይቅ። ይህንን ፕሮግራም በተሰረቀ ቁልፍ፣ እሱ ክራክ በሚለው፣ የጫነውም ራሱ ነው።

«እትዬ፣ ፈታ ይበሉ» አለ። «አዲስ ክራክ ይወጣል። ሐሙስ ወይ ዓርብ እጄ ይገባል፤ ጣጣ የለውም።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች እናቷ፣ ለእሱ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ።

ክራኩ ቢቀር ሌላ ምን አማራጭ አለ? ዶክተር ነገራቸው። በየወሩ እየከፈሉ መጠቀም ይቻላል። እናቷ ይህን ስትሰማ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር ላይ ቆየ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለት ወር ሙሉ ደጃቸውን የሚረግጥ ደንበኛ የለም፤ ክፍያው ግን ዕረፍት አያውቅም፣ አንድ ወር ከተዘለለም ያው ቀይ መስመር ነው። አንዴ ተከፍሎበት የሚቀር ዓይነትም አለ። ይኼኛው ልቧን ሳበው፤ የራሴ የሚሉት ነገር ደስ ይላል። ዶክተር ግን ኮምፒውተሩን ዳበስ ዳበስ አደረገና እንዲህ ባለ ሽማግሌ ላይ አዲሱ ፕሮግራም አይጫንም፣ መጀመሪያ ማሽኑ ይቀየር አለ። ማሽን መቀየር ደግሞ የዘንድሮ ወሬ አይደለም።

«ነፃውስ?» አለች ሰረዝ። በትምህርት ቤቷ ኮምፒውተር ክፍል ያለው እሱ ነው። ብዙ ሰዎች ተባብረው የሠሩት፣ ማንም በሕጋዊ መንገድ ይጠቀምበት ብለው የለቀቁት፣ ለሽማግሌ ማሽንም የማይከብድ ነው ብላ አስረዳች።

ዶክተር ሳቀ። እሱማ የልጆች መለማመጃ ነው አለ። እናቷም በነፃ የሚሰጥ ነገር መጨረሻው አያምርም የምትል ናት። ሰረዝ አላፋታ ስትላት ተረቷን መዘዘችባት።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ ልጄ።»

የሚቀርበው ነገር ሁሉ ወይ ሩቅ ወይ ውድ ሲሆንባት ግን በመጨረሻ እሺ አለች። ማክሰኞ ሰረዝ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዛ መጣች፤ ተጫነ፣ መጽሐፉ ተከፈተ። ሁለቱም ክው አሉ። አንድ ረጅም መስመር ይሄድና ከሥሩ ሁለት ቃል ለብቻቸው ይቆማሉ። መሐል ላይ የነበሩት የምዕራፍ ርእሶች አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ሸሽተዋል። እናቷ በየገጹ ግርጌ በእጇ የጻፈችው የገጽ ቁጥር ሽቅብ ወጥቶ ዓረፍተ ነገር መሐል ገብቷል። አንዱ ቦታ ላይ «ተማሪውም ቀረብ ብሎ 47 አለኝ» ይላል።

«አላልኩሽም?» አለች እናቷ። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ሰረዝን ያሳመማትም ይኸው ነው። እናቷ ስልኩን አነሳች። መምህሩን ወደ ማዶው ጽሕፈት ቤት ይውሰዱት ልበላቸው፣ ሰውየውን ማጉላላት ነውር ነው አለች። ሰረዝ እስከ ነገ እንድትታገሳት እየለመነቻት ሳለ ኮፒ የሚያስነሳ ደንበኛ ገባና ስልኩ ተቀመጠ።

እናቷ ከደንበኛው ጋር ስታወራ ሰረዝ የተደበቁ ምልክቶችን የሚያሳየውን ቁልፍ ነካች። ገጹ ምስር የተደፋበት ይመስል በነጠብጣብ ተሞላ። አንዷ ነጠብጣብ አንድ ስፔስ፣ አንድ ባዶ ቦታ ናት። አንድን ርእስ መሐል ለማምጣት እናቷ ሠላሳ ጊዜ ስፔስ ባሩን መታለች። በየመስመሩ መጨረሻ ደግሞ መስመር የሚያወርደው የኢንተር ምልክት ቆሟል። ሰረዝ ቀና ብላ መደርደሪያው ላይ ያለችውን ታይፕራይተር አየች፣ ነገሩም ገባት። ታይፕራይተር መስመር ሲያልቅ በራሱ አይወርድም፤ ወደ አዲስ መስመር የምታወርደው ጸሐፊዋ ናት። እናቷ ኮምፒውተሩንም እንዲሁ ስትመታው ኖራለች። በድሮው ፕሮግራም ሁሉ በልክ ስለተቆረጠ አልታወቀም፤ አሁን ፊደሉ ትንሽ ሰፋ ሲል ሁሉም ተናጋ። ጥፋቱ የነፃው ፕሮግራም አልነበረም።

ይህን ለእናቷ እንዴት ብላ ትንገራት? ሰፈሩ እናቷን የሚያውቃት በእጇ ጥራት ነው። ዝም ብዬ ብቻዬን ላስተካክለውና ፕሮግራሙ በራሱ ተስተካከለ ልበላት ብላ አሰበች። ውሸቷ ትንሽ ናት፣ ማንንም አትጎዳም። ግን በሚቀጥለው መጽሐፍ ያው ይደገማል። ደግሞም እናቷ ስሕተት ስታገኝ ለባለቤቱ ሳትነግር አስተካክላ አታውቅም። ደንበኛው እንደወጣ ሰረዝ ስክሪኑን ወደ እናቷ አዞረችው።

«እማ፣ ፕሮግራሙ አይደለም። የቁልፎቹ አመታት ነው።»

እናቷ ወደ ነጠብጣቦቹ ጠጋ አለች። ሰረዝ እያንዳንዱን አሳየቻት፣ ምንም አላስቀረችም።

«ሃያ ሁለት ዓመት ስሳሳት ኖርኩ ነው የምትዪኝ?»

«አልተሳሳትሽም። ለእሷ ትክክል ነበር» አለች ሰረዝ፣ በአገጯ ወደ ታይፕራይተሯ እያመለከተች። «ለዚህኛው ነው ማንም ያልነገረሽ።»

እናቷ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የውኃ ድምፅ ተሰማ፤ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና እየታጠበ ነው። ሰረዝ ባልተናገርኩ ብላ መጸጸት ስትጀምር እናቷ እጇን እየጠራረገች ተመለሰች፣ ሁለተኛውን ወንበር ስባም ከጎኗ ተቀመጠች።

«አሳዪኝ» አለች።

ረቡዕ ሰረዝን ችኮላ ያዛት። ፕሮግራሙ አንዱን ነገር ፈልጎ በሌላ የሚተካበት መንገድ አለው። ኢንተሩን ሁሉ ፈልግና በስፔስ ተካው አለችው፤ እሱም ታዘዘ። መጽሐፉ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አንድ አንቀጽ ሆነ፤ አርባ ዓመት ያለ አንድ ትንፋሽ። እናቷ ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያኔ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብላ ተረተችባትና ወደ ነበረበት እንድትመልሰው ነገረቻት። ከዚያ ግን ሳቋን ትታ ስክሪኑን ትክ ብላ ማየት ጀመረች።

«አንቀጽ ሲያልቅ እኮ ሁለት ጊዜ ነው ኢንተር የምመታው» አለች። «ሁልጊዜ። አንዴም ዘልዬ አላውቅም።»

ሰረዝ አፏን ከፍታ አየቻት። እንደዚያ ከሆነ ድርብ ኢንተሮቹን መጀመሪያ ወደ ሌላ ምልክት፣ ለምሳሌ ወደ ሦስት ኮከብ፣ መቀየር ይቻላል። ነጠላዎቹ ከጠፉ በኋላ ኮከቦቹ ተመልሰው አንቀጽ ይሆናሉ። ዘዴው የሚሠራው ግን ጸሐፊዋ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ውስጥ አንዴም ካልዘነጋች ብቻ ነው። ሦስቱንም በተራ አዘዘችው፤ አንቀጾቹ ሁሉ በየቦታቸው ቆሙ። ከላይ እስከ ታች ሲያጣሩ ከጎረቤቱ ጋር የተቀላቀለ አንድ አንቀጽ እንኳ አላገኙም። ሰረዝ በእናቷ ኮራች፣ ኩራቷንም በአፏ ነገረቻት። እናቷ «ሂጂ ወዲያ» አለች፤ ፊቷ ግን በራ።

ሐሙስ በእጅ የተጻፉትን የገጽ ቁጥሮች እየተቀባበሉ አጠፉ። ርእሶቹን አንድ በአንድ ርእስ መሆናቸውን ለፕሮግራሙ ነገሩት፤ ማውጫውን ከዚያ በኋላ ራሱ አወጣላቸው።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ መምህሩ ሦስት የታጠፉ ወረቀቶች ይዘው ገቡ። ወዲያው አልተቀመጡም፤ ያፈሩ ይመስላሉ።

«ትናንት ለባለቤቴ አነበብኩላት» አሉ። «ጥሩ ነው አለችና ዝም አለች። ለካ የስንቱን ተማሪ ስም አንስቼ እሷን ረስቻታለሁ። አርባ ዓመት የፈተና ወረቀት አብራኝ ያረመችውን ሴት።»

ስለ እሷ የጻፉት ሦስተኛ ምዕራፍ ሆኖ ቢገባ ይወዳሉ። ካልተቻለ ግን ይገባኛል፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ አሉ። በዚሁ መሐል ዶክተር አዲሱን ክራክ በፍላሽ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጥያቄውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ከሦስተኛው ምዕራፍ ወዲህ ያለው የገጽ ቁጥር ሁሉ ይዛባል፣ ማውጫውም ከአዲስ ይጻፋል፤ ይህ የሁለት ቀን ሥራ ነው አለ። በድሮው የኢንተርና የስፔስ አመታት ቢሆን እውነቱን ነበር።

የሰረዝ እጅ ወደ ማውሱ ሄደ። ከዚያ እናቷን አየችና እጇን ስባ ተቀመጠችበት። እናቷ ወረቀቶቹን ተቀበለች፣ ዘረጋቻቸው፣ መምታት ጀመረች። ክፍሉ በቁልፎቹ ድምፅ ተሞላ። መስመር ሲያልቅ ትንሿ ጣቷ ወደ ኢንተሩ ትሳባለች፣ ትመለሳለች፤ መስመሩም በራሱ ይወርዳል። በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጨረሰች። ርእሱን ርእስ ነህ አለችው። ከዚያ ማውጫውን የሚያድሰውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ነካች፤ ማውጫውም ዓይን እስኪርገበገብ ተቀየረ፣ የምዕራፍ ሦስት ርእስ ገባ፣ ከሥሩ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ወደፊት ተራመዱ።

መምህሩ በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። ማውጫው እንዲታተምላቸው ጠይቀው እያንዳንዱን ምዕራፍ በጣታቸው እየነኩ፣ ገጹን እያስገለጡ አመሳከሩ። አንድም አልሳተም። ሲጨርሱ ከደረት ኪሳቸው ቀይ እስክሪብቶ አወጡና በወረቀቱ ጥግ ላይ አሥር ከአሥር ጽፈው አከበቡት።

«ወንዙ ዛሬ ቁልቁል ፈሰሰ» አሉ።

ሳይረሱት ኖረዋል። እናቷ ወረቀቱን ይዛ መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱንም አደረገች። ሰረዝም አብራት።

ዶክተር ፍላሹን በእጁ እያገላበጠ ይህ ያ ነፃው ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

«ልጅ ያቦካው ነው» አለች እናቷ፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ለራት በቃ። ያንተን እዚያው ኪስህ ክተተው።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ፋይሉን ይዘው ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ነበሩ። በሩ ክፍት ነው፤ ለአሥራ አንድ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀራል።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ለመስኮቱ አዲስ ማስታወቂያ ልትጽፍ ተቀመጠች። የድሮው «ጽሕፈትና ኮፒ» ብቻ ነበር የሚለው። በአዲሱ ላይ «መጽሐፍ ለኅትመት እናዘጋጃለን» ብላ ጻፈች። ጽሑፉ ግራ ጥግ ላይ ቀረ። አውራ ጣቷ ወደ ስፔስ ባሩ ሄደ፣ ሊመታው ሲል ቆመ። ዓይኗ ከላይ ከተደረደሩት ቁልፎች ውስጥ ጽሑፉን መሐል የሚያመጣውን መፈለግ ጀመረ፤ አለፈው፣ ተመለሰ፣ እንደገና አለፈው።

ሰረዝ ሁለት እርምጃ ርቃ ቆማለች። ቁልፉ የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። አፏ ድረስ የመጣውን ዋጠችና የሰኞ ፈተናዋን ደብተር ከፍታ ማንበብ ጀመረች።