በሙሽራ ሻንጣ የተደበቀው መድኃኒት

በሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር፣ ባሏ ከሞተባት ወዲህ ልብስ እየሰፋች አንድ ልጇን ያሳደገች ቢልቂስ የምትባል የሐረር ሴት ነበረች። ስኳር በሽታ ከያዛት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ጧትና ማታ ኢንሱሊኗን እየተወጋች፣ ሻሂዋን ያለ ስኳር እየጠጣች፣ ከበሽታዋ ጋር እንደ አመለኛ ጎረቤት ተቻችላ ትኖር ነበር። አይ ጊዜ! ልጇ ሀፊዛ ታጨችና የወንዱ ዘመዶች ለሁለት ሳምንት ቤቱን ወጣ ገባ ሊሉበት ሆነ።

«እማዬ፣ ፍሪጁን ከፍተው መድኃኒትሽን ቢያዩ በዘር ነው ብለው ይተዉኛል። ጎረቤት ላስቀምጠው?»

ልጇ ያፈረችባት እናት ምን ትበል? ቢልቂስ ፊቷን ወደ ስፌቷ መለሰች። «እሺ ሆዴ፣ ብቻ ከቅዝቃዜ እንዳይወጣ።»

ሀፊዛ ጎረቤት በር ድረስ ሄዳ ተመለሰች። «የማን ነው?» ቢሏትስ? ከጅጅጋ የተላከውን የሦስት ወር መድኃኒት በሙሽራ ሻንጣዋ ከሽቶዎቿ ጋር ከታ፣ ፀሐይ በሚያግለው የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ቆለፈችበት። ጧትና ማታ «ከጎረቤት» እያለች አንዷን ብልቃጥ ታመጣለች። እንግዶቹ ሲሄዱ ሁሉንም ፍሪጅ መለሰች፤ ትንፍሽ አላለችም።

ከዚያ ወዲህ የቢልቂስ ስኳር አልወርድ አለ። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ… ውሃ አያረካት፣ የመርፌው ቀዳዳ አይታያት! የሀፊዛ እጮኛ እናት ናስተሆ፣ ድሬዳዋ ያደጉ ደግ ሴት፣ ከሀፊዛ ጋር በመኪናቸው ክሊኒክ ወሰዷት።

«መድኃኒቱ ከፍሪጅ ወጥቶ ያውቃል?» አለ ሐኪሙ።

ሀፊዛ የወደፊት አማቷን አየች። «ኧረ በጭራሽ! ከጣፋጭ አፏን የማትጠብቀው እሷ ናት።»

ቢልቂስ ልጇን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያም አቀረቀረች። «አዎ… ጣፋጭ እበላለሁ» አለች። ያልቀመሰችውን! ሐኪሙ መጠኑን ጨምሮ ሸኛት፤ ቤት ሄዳ ያንኑ ሙቀት የገደለውን መድኃኒት ተወጋች።

በሦስተኛው ቀን እያስመለሳት ወደቀች። በተወሰደችበት ሆስፒታል በረንዳ ላይ ናስተሆ ከቦርሳቸው ትንሽ ፔርሙዝ አወጡ፤ ውስጡ ኢንሱሊን ነበር።

«እኔም ስኳር ከያዘኝ ስምንት ዓመቴ ነው ልጄ። ሙቀት እንዳያበላሸው ይዤው እዞራለሁ።»

«ያረቢ! ማንን ፈርቼ ነው?» ሀፊዛ መሬት ላይ ተዘርግታ ሁሉንም ተናዘዘች። ሐኪሞቹ ብዙ ታገሉ፤ ግን ዘግይቶ ነበር።

«አፉ በይኝ እማዬ!» አለች ሀፊዛ አልጋዋ አጠገብ።

«አውቄ ነበር እኮ… ብልቃጡ ሽቶሽን ሽቶሽን ይሸተኝ ነበር። ዝም ያልኩት ሰው ፊት እንዳታፍሪ ብዬ ነው። አፉ ብያለሁ…» ይህን ብላ ቢልቂስ ዓይኗን እስከ ወዲያኛው ከደነች።

ዛሬ ሀፊዛ የናስተሆ ምራት ናት። እንግዳ ኖረም አልኖረም የአማቷን ኢንሱሊን ከፍሪጅ አውጥታ በሰው ፊት ታቀርባለች። ከዚያ ሻንጣ ሽቶ ግን አንድም ቀን አልተቀባችም። የአላህ ውሳኔ ነው ይሏታል፤ እሷ ግን ያንን «በጭራሽ» ያለ አንደበቷን ታውቀዋለች። የአገራችን ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል። መድኃኒቱን ለደበቀችውስ ምን ተባለላት?