ያልወረደው ድምፅ

የዘፋኝ ቡድኑ መሪ ማኤስትሮ ኦዶኔ የሞተው ዘፋኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅኝት ሳይወርዱ በጨረሱበት ከሰዓት በኋላ ነው።

በጣሊያኗ ፌራራ ከተማ፣ በትንሹ ቴአትር ቤት አምስት ጭምብል ያጠለቁ ዘፋኞች የማዕበሉን ትዕይንት ይለማመዱ ነበር። ዜማው አራት መቶ ዓመት አልፎታል፤ መሣሪያ የለውም፣ ድምፅ ብቻ። መብራቱ ይጠፋል፣ ዘፋኞቹም በአዳራሹ ተበታትነው በጨለማ ይዘፍናሉ። ማኤስትሮው መድረኩ ላይ፣ በጠመኔ ምልክት ባደረገባት ቦታ ቆሞ ያዳምጣል።

ሲጨርሱ ከዘፋኞቹ አንዷ ዴልፊና የመቃኛ ብረቷን ጉልበቷ ላይ መታ አድርጋ ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«አልወረድንም!» ብላ ጮኸች። «ማኤስትሮ፣ ሰሙ?»



መብራቱ በራ። ምልክቷ ያለችበት የወለል በር ቁልቁል ተከፍቷል። ማኤስትሮው ምድር ቤቱ ድንጋይ ላይ አንገቱ ተቀጭቶ ተጋድሟል።

የበሩን መቀርቀሪያ ሰው ስቦታል። የአወዳደቁን ድምፅ፣ ማዕበሉን ለማስመሰል የሚመታው የነጎድጓድ ቆርቆሮ ውጦታል። መጀመሪያ የተጠረጠረው ቱሊዮ ነበር፤ ማኤስትሮው እጮኛውን ነጥቆታል ይባላል። ግን ቱሊዮ ከዴልፊና ጎን ነበር፤ ሲዘፍን ትንፋሹ አንገቷን ነክቷታል። የሌሎቹም ድምፅ እስከ መጨረሻው ተሰምቷል። ያልዘፈነችው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ መብራቱንና ቆርቆሮውን የምታንቀሳቅሰው ኢሪዴ፣ የዴልፊና እናት።

«ሰኞ ዕለት ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል» አለቻት ኢንስፔክተር ጋላሲ።

«እሱ ያልተጣላው ማን አለ? ከግድግዳም ይጣላ ነበር!»

«መቀርቀሪያውን ያውቁታል።»

«ዘይት የምቀባው እኔ አይደለሁ እንዴ!»

ወይ ኢሪዴ! ምናለ አፏን ብትይዝ።

ዴልፊና ዘፋኞቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። እናቷ ካልሆነች፣ ከቱሊዮ ሌላ ካሉት ከሦስቱ አንዱ ነው። ጭምብል አጥልቃ ጨለማ ውስጥ የምትቆመው ከእነሱ ጋር ነው።

ድንገት ክው አለች። ለምን አልወረድንም?

ሁልጊዜ ግማሽ ድምፅ ወርደው ነው የሚጨርሱት። ወደ ታች የሚጎትታቸው ወፍራሙን ድምፅ የሚዘፍነው ባሱ ሳንቴ ነው። «ደግሞ ምድር ቤት አስገባኸን!» እያለ ማኤስትሮው በሰው ፊት ያዋርደው ነበር። ሳንቴ ግን ዴልፊናን በልጅነቷ መዝፈን ያስተማራት ነው፤ አጎቴ ነው የምትለው።

«ኢንስፔክተር፣ እናቴን ከመውሰድዎ በፊት አንዴ እንዝፈን።»

«ልቅሶ ነው ወይስ ኮንሰርት?»

«እባክዎ።»

መብራቱ ጠፋ። እንደ ወትሮው ሳንቴ ጀመረ፣ ሌሎቹ ተከተሉት።  የሳንቴ ወፍራም ድምፅ ከቦታው መንቀሳቀስ ጀመረ። ወለሉ ሲጥ አለ። ቀረበ። አሁን ከጀርባዋ ነው። መዝፈኗን ግን አላቆመችም፤ ካቆመች እናቷን ታጣለች።

ዜማው አለቀ። ብረቱን መታች።

«ወርደናል! መብራት!»

ሳንቴ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ጭምብሉን በእጁ ይዞ ቆሟል።

«ያን ቀን ያልወረድነው አጎቴ ስላልዘፈነ ነው» አለች ዴልፊና፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «የተከተልነው አስቀድሞ የቀዳውን ድምፁን ነው።»

ቅጂው ስልኩ ውስጥ ተገኘ። ቤቱ ሆኖ፣ ከቅኝት እንዳይወርድ ፒያኖ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ የቀዳው ነው። በጨለማው ወንበር ላይ ከፍቶት ወደ መድረኩ ጀርባ ሄዶ መቀርቀሪያውን ስቧል።

«ሰኞ ዕለት በቃህ አለኝ» አለ ሳንቴ። «ከሠላሳ ዓመት በኋላ! በመክፈቻው ቀን በቦታህ ሌላ ሰው ይቆማል አለኝ።»

«ቅጂውን ለምን አላጠፉትም?» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሳንቴ ስልኩን ትክ ብሎ አየው።

«በሕይወቴ ሳልስት የዘፈንኩት እሱን ብቻ ነው። እንዴት አድርጌ ላጥፋው?»

«እናቴን ሊወስዷት ሲሉ ዝም አልክ!» ብላ ዴልፊና ጮኸችበት። «ቤታችን ስንት ጊዜ በልተሃል!»

አንገቱን ደፋ። እጁ ሲታሰር ግን ቀና አለ።

«ዴልፊኔታ፣ ያን ቀን... ስዘፍን ደህና ነበርኩ?»

አልነበርክም ልትለው ፈልጋ ነበር። ግን ዜማ የሚለይ ጆሮ የሰጣት እሱ ነው።

«ደህና ነበርክ፣ አጎቴ» አለችና ማልቀስ ጀመረች።