ከኮምቦልቻ የመጣው ጥያቄ

ተውፊቅ የሱፍ የሞተው ውኃ እየለመነ፣ ውኃ ሲያቀርቡለት ደግሞ እየሸሸ ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነበር። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ አምስት ቀን አስተኝተውት፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ሲንዘፈዘፍ ሰንብቶ፣ በኅዳር አጋማሽ አንድ ማለዳ አለፈ። ሐኪሙ ወዲያው ለሲስተር ሰርካዲስ አግማስ ደወለላት።

«የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ አልጠራጠርም» አላት።

«ማን ነከሰው?»

«ግራ የገባኝ እሱ ነው። ከራስ እስከ እግሩ አይቼዋለሁ፤ የጥርስ ጠባሳ የለበትም። ቤተሰቡም ውሻ አልደረሰበትም ብለው ይምላሉ።»

ሰርካዲስ የወረርሽኝ ክትትል ባለሙያ ናት። ሕዝቡ የሚያውቃት ግን በድምፅዋ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በሬዲዮ ስለ ቫይረሶች ታወራለች፤ አዲስ ስለተነሣው፣ ባሕር ማዶ ስለታየው፣ ሳይንቲስቶች ሰሞኑን ስለደረሱበት። ባለሱቁም ባለባጃጁም ፕሮግራሟ አያመልጠውም። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ማወቋ ደግሞ ትንሽ ሳያሞላቅቃት አልቀረም።

ይህ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ መድኃኒት የለውም። ምልክቱ ሳይጀምር የደረሰ ክትባት ግን ያድናል። ተውፊቅን የገደለው እንስሳ ሌላም ሰው ነክቶ ከሆነ፣ ያ ሰው ዛሬ ጤነኛ መስሎ ሥራው ላይ ነው። ሰርካዲስ ያንን ሰው ቀኑ ሳያልቅበት ማግኘት ነበረባት።

ደሴ፣ ሆጤ ሠፈር፣ ከሟቹ አባት ከሐጂ የሱፍ ግቢ ስትደርስ ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛው ሞልቷል። ጥግ ላይ የተውፊቅ እህት ሱሀይላ ለአንዲት ጥጃ ከላስቲክ ጠርሙስ ወተት ታጠጣለች። በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት ናት፤ ጣቶቿ በሳሙና ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

«ሐጂ፣ አላህ ይርሀመው» አለች ሰርካዲስ አጠገባቸው ዝቅ ብላ። «በዚህ ሁለት ሦስት ወር የታመመ እንስሳ ግቢዎ ገብቶ ነበር?»

«ውሻ አልገባም። ወላሂ፣ ውሻ አልገባም።»

«ድመትስ? አህያ? ከብት?»

«ውሻ አልገባም አልኩሽ እኮ ልጄ። ተውፊቅም ቢሆን ቀኑን ሙሉ ኮምቦልቻ ነው፤ የምንገናኘው ለጁምአ ነው።»

ጎረቤታቸው ኩኩ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጣልቃ ገባች። «እኒህን የመሰለ ደግ ሰው እንዲህ ያለ ሐዘን ይድረስበት? መስከረም ላይ ለመውሊድ የምትታለብ ላማቸውን አርደው ሠፈሩን ሙሉ ሰደቃ ያበሉ ሰው ናቸው!»

ሐጂ የሱፍ አንገታቸውን ደፉ። ሰርካዲስ ሐዘኑ ነው ብላ አለፈችው።

የሟቹ ሚስት መዲና እቤት ውስጥ ተቀምጣለች። ባሏን ስታስታምም ምራቁ ነክቷታልና ክትባት ጀምራለች። አንገቷ ላይ በክር የታሰረ የብር ቀለበት አለ።

«መጀመሪያ ምኑን ነው ያመመው?»

«ቀኝ እጁን። ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለኛል ይል ነበር።»

«ቆስሎ ነበር?»

«የመካኒክ እጅ መቼ ከጭረት ተለይቶ ያውቃል?»

«ይህ ቀለበት የእሱ ነው?»

«ለመውሊድ ሁለት ቀን ሲቀረው ሥራውን ጥሎ በቀን መጣ። ያዢልኝ ብሎ አውልቆ ሰጥቶኝ ወደዚህ፣ ወደ አባቱ ቤት ሄደ። ሲመለስ ክንዱን እስከ ብብቱ በሳሙና ፈተገው። ምንድን ነው ብለው፣ የአባቴ ነገር ነው፣ ተይው አለኝ።»

ሰርካዲስ በማግስቱ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳ ኮምቦልቻ ገባች። ተውፊቅ ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ባለቤት አቶ ሞላልኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበላት።

«ውሻ አለዎት?»

«ነበረኝ። መስከረም ላይ ጠፋ።»

ሰርካዲስ ከበርሜሎቹ ኋላ ያለውን ጎድጓዳ ሳህን አየች። «የጠፋ ውሻ ትኩስ ቅልጥም ይግጣል እንዴ?»

ሞላልኝ ቀላ። ከጓዳ አንድ ቡናማ ውሻ ጅራቱን እየቆላ አወጣ። «ተውፊቅ በውሻ በሽታ ሞተ ሲባል ይገድሉብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ደበቅኩት። አፈርኩ ሲስተር።»

«አይዞዎት። ያበደ ውሻ ከዐሥር ቀን በላይ አይቆይም። ይህ መስከረምንም ጥቅምትንም አልፎ ቅልጥም ከቆረጠመ ንጹሕ ነው። ስለ ተውፊቅ ይንገሩኝ።»

«እጁ ቀጭንና ረጅም ነበር። ሞተር ውስጥ ብሎን ሲወድቅ እኛ በማግኔት ስንታገል፣ እሱ ክንዱን ሰድዶ ያወጣዋል። ለዚህ ነው መፍቻ የምንለው።» ሞላልኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ቅዳሜ የእርስዎን ሬዲዮ ሳይሰማ ሥራ አይጀምርም ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም ጥያቄ ልኮ አነበቡለት። እርስዎ ሲስቁ እኛም ሳቅን። እሱም ሳቀ።»

«ምን ብሎ ነበር የጠየቀው?»

«እንጃ። የከብት ነገር መሰለኝ።»

ሰርካዲስ ደህና ዋሉ ማለቷንም አታስታውስም። መኪና ውስጥ ገብታ የፕሮግራሙን ስልክ አወጣች፤ የመስከረምን መልእክቶች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሄደችባቸው። ከመውሊድ በኋላ ባለው ቅዳሜ ላይ አገኘችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊቷ እንደ ፍም ጋለ፤ ሾፌሩ እንዳያያት ወደ መስኮቱ ዞረች።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ የሱፍን፣ መዲናን፣ ሱሀይላን፣ ኩኩን አንድ ክፍል ሰበሰበች። ሞላልኝም ለለቅሶ መጥቶ በሩ ሥር ተቀምጧል።

«በሐዘን ቤት የማይባል ነገር ልናገር ነው፤ ይቅር በሉኝ» አለች። «በሽታው የገባው በቀኝ እጁ ነው፤ መጀመሪያ የነዘረው እሱ ነውና። ንክሻ የለውም፤ ግን የመካኒክ እጅ ነው፣ ጭረት አይጠፋውም። በጭረቱ ላይ የታመመ እንስሳ ምራቅ ከፈሰሰበት ንክሻ አያስፈልገውም።»

«ታዲያ የማን ምራቅ?» አለ ሞላልኝ።

«የእርስዎ ውሻ አይደለም። ተውፊቅ ያን ቀን ቀለበቱን አውልቋል፤ ክንዱን እስከ ብብቱ ታጥቧል። ጠባብ ነገር ውስጥ እጁን ሊከት ነው የተጠራው። ለምን እሱ ተጠራ? የእሱ እጅ የማይገባበት ስለሌለ። ወዴት ተጠራ? ወደዚህ ግቢ። ሐጂ ደግሞ በሐሰት የሚምሉ ሰው አይደሉም። ውሻ አልገባም ብለው ማሉልኝ፤ ከብት ስላቸው ግን መሐላው ቀረ።»

ከውጭ የጥጃዋ እምቧታ ተሰማ።

«ያቺ ጥጃ መስከረም ላይ ጡት አልጣለችም። ፍየል እያለ፣ በሬ እያለ፣ የምታጠባ ላም ለመውሊድ ማን ያርዳል? የታመመችበት ሰው ነው የሚያርዳት። ላሚቱ ለሃጯን ታዝረበርብ ነበር፤ መዋጥ አቅቷት ነበር። ያየ ሁሉ ፌስታል ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅሯል ይላል። እኔም ብሆን እንዲያ እል ነበር። ተውፊቅ ፌስታሉን ሊያወጣ እጁን ሰደደ፤ የተሰነቀረ ነገር ግን አልነበረም።» ትንፋሽ ወሰደች። «እንግዲህ የላም አፍ በአንድ ሰው አይከፈትም። አንዱ እጁን ሲሰድ ሌላው ምላሷን ስቦ ይይዛል። ያንን ሰው ነው የምፈልገው። ለክስ አይደለም፤ እንዳይሞት ነው።»

ሐጂ የሱፍ ምንጣፉ ላይ አፍጥጠው ቀሩ። ሰርካዲስ ይህን ዝምታ ታውቀዋለች፤ ከትናንት ጀምሮ እሷም ተሸክማው ነበር። ስልኩን አወጣች።

«እናንተ ከማፈራችሁ በፊት እኔ ልፈር» አለች፤ አነበበችም፦ «‹ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። አንዲት ላም ለሃጯ እየፈሰሰ መዋጥ አቅቷት ጉሮሮዋ ውስጥ እጁን የከተተ ሰው የሚያሰጋው ነገር አለ? ከኮምቦልቻ።› ይህ ተውፊቅ ነው። በሬዲዮ አንብቤዋለሁ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አቶ ሞላልኝ ሰምተዋል። የላሟን ነገር ለእንስሳት ሐኪም እንተውለት፣ የእኛ ቀጠሮ ከአዲሶቹ ቫይረሶች ጋር ነው ብዬ ሳቅኩ። ያን ቀን ነገ ጠዋት ለክትባት ና ብዬው ቢሆን ኖሮ ይህ ድንኳን አይተከልም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው አልችልም።»

መዲና ቀና ብላ አየቻት። «ያን ቀን እየሳቀ ነው የገባው» አለች ቀስ ብላ። «ሲስተር ምንም አይደለም አለችኝ አለ። ስለ ምን እንደሆነ አልነገረኝም።» ሰርካዲስ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ያኔ ሱሀይላ የተሰነጣጠቁ እጆቿን ወደ ፊት ዘረጋች። «ምላሷን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ!» ሐጂ የሱፍ ድምፃቸው ተሰበረ። «ላሚቱ ልትሞት ስትል በነፍሷ ደረስኩባትና አሳረድኳት። ሥጋው ከሚጣል ብዬ አከፋፈልኩ። ሠፈሩ ለነቢ ፍቅር የምትታለብ ላሙን ሰጠ ብሎ ሲመርቀኝ፣ ኧረ ታማ ነው ማለት አቃተኝ። ልጄ ሲታመምም አቃተኝ። ያ ረቢ! የሰው ምርቃት አሳስቶኝ ልጄን ዋሸሁበት።»

«የበላነውስ?» ኩኩ ጮኸች።

«በደንብ የበሰለ ሥጋ አያሰጋም። የምንፈልገው ያረደውን፣ የገፈፈውን፣ ጭንቅላቷን የነካውን ነው። ጥሬ የበላ፣ ወተቷን ሳይፈላ የጠጣ ካለም ይምጣ።»

ሐጂ የሱፍ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ሱሀይላና መዲና ሊደግፏቸው ሲሉ እጃቸውን አራገፉ። «ሥጋውን በየቤቱ ያደረስኩት በእጄ ነው» አሉ። «ይህንንም በአፌ አደርሰዋለሁ።» ከመጀመሪያው በር፣ ከኩኩ ቤት ጀመሩ።

«ሲስተር፣ ረፍዶብኛል?» አለች ሱሀይላ።

«ምልክት ካልጀመረሽ አልረፈደም። ነይ፣ አሁኑኑ እንሂድ።»

ቅዳሜ ጠዋት ሱሀይላ ሁለተኛውን መርፌ ስትወጋ፣ ሐጂ የሱፍ ያረደውንና የገፈፉትን አራት ጎረቤቶች አስከትለው ከጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመው ነበር። እሳቸውም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ሰርካዲስ ሰላም ብላቸው ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄደች። ስለ አዲሶቹ ቫይረሶች ያዘጋጀችውን ወረቀት ከቦርሳዋ አላወጣችውም።

«ከኮምቦልቻ አንድ አድማጭ ጠይቆን ነበር» አለች ቀዩ መብራት ሲበራ። ጥያቄውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያም፣ ሁለት ወር ዘግይታ፣ መለሰችለት።